ማሟሟቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ መለካት፦ የትምህርት ቤት ስፖርት ሜዳ በፊዚክስ ዓይን

ይህን ጽሑፍ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለን በደረሰ አንድ ገጠመኝ ብንጀምረው መልካም ይመስለናል። ቦታው አዲስ አበባ፣ ወሩም ኅዳር ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ስልሳ አምስት ተማሪዎችን በአንድ ጠዋት ለመፈተን አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የስም ዝርዝር ይዘው ከሜዳው ዳር ቆመዋል። ፈተናው የ12 ደቂቃ ሩጫ ሲሆን በፊደል ተራ ስምንት ስምንት እየሆንን እንጠራ ነበር። ስማቸው በ«ሀ»ና በ«ለ» የሚጀምር ልጆች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሣሩ ጤዛ እንዳዘለ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ከቆሙበት ተነሥተው በቀጥታ ሩጫ ጀመሩ። የእኛ ስም ከፊደል ገበታው መጨረሻ አካባቢ የሚገኝ በመሆኑ ተራችን የደረሰው ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ሞቀናል፤ ኳስ አሳደናል፤ ተላፍተናል።

ውጤቱ በተለጠፈ ጊዜ ከመጀመሪያው ምድብ ጋር የሮጠ አንድ የቅርብ ጓደኛችን ለማለፊያ ከተቆረጠው ርቀት 30 ሜትር ጎድሎበት በስሙ ትይዩ «ደካማ» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈር ስንሽቀዳደም አንድም ቀን ቀድመነው የማናውቅ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለኳስ ስንጠራው አይመጣም፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም «ሳንባዬ ደካማ ነው፤ ተለክቷል» ይለን ነበር። ክርክሩን የሚዘጋው «ተለክቷል» የሚለው ቃል ነው። በዚያ ዕድሜ በቁጥር ከተነገረ ነገር ጋር የሚከራከር ማን አለ?

ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ ስናስተምር የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ልኬትና ስለ ልኬት ስህተት የሚናገር ነው። ያን ምዕራፍ በጀመርን ቁጥር ያ የውጤት ወረቀት ትዝ ይለናል። በዚያ ጠዋት በእርግጥ የተለካው ምን ነበር? የልጁ ሳንባ ነው? የጡንቻው መጠነ ሙቀት ነው? የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ነው? ወይስ የሜዳው ዙሪያ? በዚህ ጽሑፍ ተማሪዎች ከስፖርት በፊት ሰውነታቸውን ለምን እንደሚያሟሙቁ፣ ከስፖርት በኋላ ለምን ቀስ በቀስ እንደሚያቀዘቅዙ፣ እንዲሁም የአካል ብቃት እንዴት ቢለካ ልኬቱ እውነት እንደሚናገር በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ጡንቻ ምን ዓይነት ሞተር ነው?

በዚህ ጉዳይ ፈር ከቀደዱት ሳይንቲስቶች አንዱ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያጠናው እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል ነው። ሂል ከእንቁራሪት የተወሰደ ጡንቻ በሚኮማተርበት ጊዜ የሚፈጠረውን፣ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሺኛ ክፍሎች የሚቆጠር የመጠነ ሙቀት ጭማሪ ረቂቅ በሆነ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለመለካት ችሏል። በጡንቻ ውስጥ ስለሚመነጭ ሙቀት ባደረገው ምርምርም የ1922 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት በፊዚዮሎጂና ሕክምና ዘርፍ ከጀርመናዊው ኦቶ ማየርሆፍ ጋር ተሰጥቶታል። ይኸው ሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ራሱ እየሮጠ የሚያስወጣውን ትንፋሽ በከረጢት በመሰብሰብ፣ አንድ ሰው በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ኦክስጅን ወሰን ያለው መሆኑን አሳየ። ዛሬ የአካል ብቃት ዋነኛ መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው «ከፍተኛ የኦክስጅን ፍጆታ» የተባለው መጠን መነሻው ይህ ሥራ ነው።

ጡንቻ ከምግብ ከሚያገኘው ኢነርጂ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከሩብ እምብዛም አይበልጥም። የቀረው ሦስት አራተኛ ያህል ሙቀት ይሆናል። ለምሳሌ 60 ኪሎግራም የሚመዝን ተማሪ ሶምሶማ በሚሮጥበት ጊዜ ሰውነቱ በሴኮንድ 600 ጁል ያህል ኢነርጂ ይጠቀማል። ይህም 600 ዋት ማለት ሲሆን ከዚህ ውስጥ 450 ዋት የሚሆነው ሙቀት ነው። በብርድ ቀን ሮጦ የመጣ ልጅ አጠገብ ስንቆም ወበቁ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ይህ ሙቀት ብክነት ብቻ አይደለም። ጡንቻ የሚሠራው በኬሚካላዊ ለውጦች አማካይነት ሲሆን የእነዚህ ለውጦች ፍጥነት በመጠነ ሙቀት ይወሰናል። በሕያዋን አካላት ውስጥ የሚካሄዱ ብዙዎቹ ኬሚካላዊ ለውጦች መጠነ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው እጥፍ ወይም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጭማሪው እጥፍ ነው ብንል ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 7 ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ጡንቻው በጥቅሉ የሚያገኘው ጥቅም ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ በመዝለልና በአጭር ርቀት ሩጫ የተደረጉ ልኬቶች እንደሚያሳዩት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 2 እስከ 5 ያህል የኃይል ጭማሪ ይገኛል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች የሆኑት አስሙሰንና ቦዬ የጡንቻ መጠነ ሙቀት ከፍ ሲል ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ከባድ ሥራ እንደሚፋጠን በ1945 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

ሙቀት ሌሎች ጥቅሞችም አሉት። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በሞቀ ጡንቻ አጠገብ ሲያልፍ ጭነቱን በቀላሉ ይለቃል። የነርቭ መልእክት በሞቀ ነርቭ ውስጥ በበለጠ ፍጥነት ይጓዛል። በተጨማሪም የጡንቻና የመገጣጠሚያ ውስጣዊ ሰበቃ ይቀንሳል፤ ሌሊቱን በብርድ ያደረ ማር በማንኪያ አልወጣ ብሎ፣ ትንሽ ሲሞቅ ግን እንደሚፈስ ማለት ነው።

ማሟሟቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ተማሪ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው ይችላል። ያላሟሟቀ ሰው የጭን ጡንቻ መጠነ ሙቀት ከሰውነት ማዕከል ከ37 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነው፤ 35 ዲግሪ ነው እንበል። ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ እንፈልጋለን። አንድ ኪሎግራም ጡንቻን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 3,500 ጁል ያህል ያስፈልጋል። የሚሠራው የእግር ጡንቻ 10 ኪሎግራም ቢሆን፣

10 × 3,500 × 3 = 105,000 ጁል

ይሆናል። ሯጩ በሴኮንድ 450 ጁል ሙቀት ስለሚያመነጭ 105,000ን ለ450 ስናካፍል 233 ሴኮንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ያህል እናገኛለን።

ይሁን እንጂ ይህ ሙቀት ሁሉ በእግር ውስጥ ተከማችቶ ቢቀር ነው። በተግባር ደም የሚመነጨውን ሙቀት እየተቀበለ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይወስደዋል፤ ቆዳም ለአየሩ ይለቀዋል። ከዚህም በላይ በማሟሟቅ ጊዜ የምንሮጠው በዝግታ ነው። ስለሆነም የጡንቻ መጠነ ሙቀት በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 5 ደቂቃዎች በፍጥነት ከፍ ይልና፣ ጭማሪው እየቀነሰ ሄዶ ከ10 እስከ 20 ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ይረጋጋል። «ሁለት ዙር ሮጣችሁ ተሰለፉ» የሚባለው የተለመደ ማሟሟቂያ አንድ ደቂቃ ተኩል ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ከሆነ፣ ሥራው ገና ሳይጋመስ ተቋረጠ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የጡንቻ ሙቀት ቢቸኩሉለት አይፈጥንም።

የተገኘው ሙቀትም ቢሆን ዘላቂ አይደለም። ተማሪው ካሟሟቀ በኋላ ተራውን እየጠበቀ ለሩብ ሰዓት በብርድ ከቆመ አብዛኛውን ጥቅም ያጣዋል። ሹራብን እስከ መነሻው መስመር ድረስ አለማውለቅ፣ ተራ እስኪደርስም በቦታ ላይ መንቀሳቀስ ከፊዚክስ አንጻር ሲታይ ሙቀትን ከብክነት መጠበቅ ነው።

አየሩም ግምት ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ከላይ ያልነው ሁሉ እንደ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ላሉ የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች የሚስማማ ነው። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በሰመራ እኩለ ቀን ላይ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ጡንቻ ቶሎ ይሞቃል፤ ሰውነት ግን ሙቀቱን የሚያራግፍበት መንገድ ይጠበዋል። የአየሩ መጠነ ሙቀት ከቆዳ መጠነ ሙቀት ጋር ሲስተካከል የቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ዋጋውም ያ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ በቆላ ማሟሟቂያው አጠር ያለ፣ በጥላ ሥር የሚሠራ፣ ውሃም ያልተለየው መሆን አለበት።

ምን ዓይነት እንቅስቃሴ?

እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን ማሟሟቅ ሲባል በአብዛኛው ቆሞ ጡንቻን ማሳሳብ ማለት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣትን ይዞ እስከ ስልሳ መቁጠር። ከዚያ ወዲህ የወጡ በርካታ ጥናቶች ይህን ልማድ እንድናሻሽለው ያስገድዱናል። አንድን ጡንቻ ሳያንቀሳቅሱ ከ60 ሴኮንድ በላይ አሳስቦ ማቆየት ወዲያው በሚከተሉት ደቂቃዎች የጡንቻውን ጉልበትና የመዝለል ችሎታ በጥቂት ፐርሰንት ይቀንሳል። ከ30 ሴኮንድ በታች የሚቆይ ማሳሳብ ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለውም። በመሆኑም ረጅሙን ማሳሳብ ለስፖርቱ ማብቂያ አቆይቶ፣ ለመጀመሪያው እግርን ማወናጨፍ፣ ጉልበትን ከፍ አድርጎ መራመድ፣ ወደ ጎን መንሸራተትና ቀላል ዝላይ የመሳሰሉትን በእንቅስቃሴ ላይ ያሉ ማሳሳቢያዎች ማድረግ ይመረጣል።

ማሟሟቅ ከጉዳት ይጠብቃል የሚባለውስ? በዚህ ረገድ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ከእግር ኳስ ነው። ፊፋ ያስፋፋውና «11+» የተባለው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ሩጫን፣ የጡንቻ ማጠናከሪያን፣ ሚዛን መጠበቅንና ከዝላይ በኋላ በትክክል ማረፍን ያጣመረ ነው። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ የኖርዌይ ሴት ተጫዋቾችን በመከታተል በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህን ማሟሟቂያ በተከተሉት ቡድኖች ውስጥ ጠቅላላው ጉዳት ከሌሎቹ በአንድ ሦስተኛ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። ልብ ሊባል የሚገባው የሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የእንቅስቃሴው ትምህርትም ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ ማረፍን የለመደች ተጫዋች ጅማቷን ታድናለች።

ሩጫው ሲያበቃ

ሩጫ እንዳለቀ ከመስመሩ ላይ ዝርግት ብለው የሚተኙ ወይም ቀጥ ብለው የሚቆሙ ተማሪዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ከቆሙት አንዳንዶቹ ዓይናቸው ጭልም ብሎባቸው ይወድቃሉ። ምክንያቱን ለማወቅ በፈሳሽ ግፊት ምዕራፍ የተማርነውን ማስታወስ ይበቃል።

ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ከልብ እስከ እግር ያለው ቁመት 1.2 ሜትር ያህል ነው እንበል። የደም እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1,060 ኪሎግራም ገደማ በመሆኑ የዚህ የደም ዓምድ ግፊት 1,060 × 9.8 × 1.2፣ ማለትም 12,500 ፓስካል ያህል ነው። ይህ በሐኪሞች አለካክ 94 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ልብ ራሷ ከምትፈጥረው አማካይ ግፊት ጋር የሚስተካከል ነው። ታዲያ በእግር ያለው ደም ይህን ዓምድ ተሻግሮ ወደ ልብ የሚመለሰው እንዴት ነው? ዋናው ረዳት የባትና የጭን ጡንቻ ነው። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር የደም መልስን ይጨምቃል፤ በደም መልሱ ውስጥ ያሉት መዝጊያዎችም ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ያግዱታል። በሩጫ ጊዜ የእግር የደም ሥሮች እጅግ ይሰፋሉ። ሯጩ ድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም የደም ሥሮቹ እንደ ሰፉ ሳለ ፓምፑ ብቻ ይቆማል። ደም በእግር ይጠራቀማል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፤ ለአንጎል የሚደርሰውም እንዲሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ መሮጥ፣ ቀጥሎም መራመድ፣ የልብ ምት እየቀነሰና የደም ሥሮች እየጠበቡ እስኪሄዱ ድረስ ፓምፑ ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋል። ቀጥሎ በተረጋጋ ሁኔታ ጡንቻን ማሳሳብ ይቻላል። ላብ ያረጠበው ልብስ በደጋ ነፋስ ሰውነትን ቶሎ ስለሚያበርድ ሹራብ መልበስም ተገቢ ነው።

በዚህ ቦታ አንድ የተስፋፋ እምነት ማረም ይኖርብናል። «በማግሥቱ ጡንቻችን የሚታመመው ላክቲክ አሲድ ስለተከማቸ ነው፤ ሰውነት ማቀዝቀዝ ያስወግደዋል» ሲባል እንሰማለን። ከከባድ ሩጫ በኋላ በደም ውስጥ የሚጨምረው ላክቴት ቀስ እያሉ ሲንቀሳቀሱ ቶሎ መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጭ ቢሉም በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ከ24 እስከ 72 ባሉት ሰዓታት ውስጥ የሚበረታው ሕመም የሚመጣው ጡንቻው ባልለመደው ሥራ፣ በተለይም እየተለጠጠ ሸክም ሲቋቋም፣ ለምሳሌ ቁልቁለት ስንሮጥ፣ ከሚደርስበት ጥቃቅን ጉዳት ነው። ሰውነት ማቀዝቀዝ ይህን ሕመም ብዙም እንደማይቀንሰው ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ የምናቀዝቅዘው ለልብና ለደም ዝውውር ብለን እንጂ ለነገው ሕመም መድኃኒት እንዲሆነን አይደለም።

በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ?

አሁን ወደ ጓደኛችን ውጤት እንመለስ። የ12 ደቂቃው ሩጫ በ1968 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር ያስተዋወቀው ፈተና ነው። ኩፐር ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 52 የሆኑ 115 የአየር ኃይል ወንዶችን አስሩጦ፣ የሮጡትን ርቀት በቤተ ሙከራ ከተለካው የኦክስጅን ፍጆታቸው ጋር አነጻጸረ። ከዚህም የሚከተለው ቀመር ተገኘ፤ በሜትር ከተገለጸው ርቀት 504.9 ቀንሶ ለ44.73 ማካፈል። ውጤቱ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም የሰውነት ክብደት በደቂቃ የሚወሰደው ኦክስጅን በሚሊሊትር ነው። 2,400 ሜትር ለሮጠ ሰው 42.4 ይሆናል።

ፈተናው ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ግሩም ዘዴ ነው። ችግሩ ያለው ሠንጠረዡን ከተሠራበት ቦታና ከተሠራላቸው ሰዎች ለይተን ስንወስደው ነው። እነዚያ 115 ሰዎች ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድ ወታደሮች ነበሩ፤ የ14 ዓመት ልጃገረድ በመካከላቸው አልነበረችም። የሮጡትም በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አይደለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የከባቢ አየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እዚያም ከመቶ 21 ያህል ቢሆንም፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን ሞለኪውል ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ በሩጫ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ዓለም በግልጽ ያየው በዚያው በ1968 (እ.ኤ.አ.) 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ሲቲ በተካሄደው ኦሎምፒክ ነው። የ10,000 ሜትር ሩጫን ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የእኛው ማሞ ወልዴ በ29 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ሁለተኛ ወጣ። የወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ግን በአውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ የተያዘው 27 ደቂቃ ከ39.4 ሴኮንድ ነበር። ራሱ ክላርክ በሜክሲኮ ስድስተኛ ወጥቶ ከመስመሩ በኋላ ራሱን ስቶ ወደቀ። ማሞ በዚያው ኦሎምፒክ ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በፊት አበበ ቢቂላ በባሕር ጠረፍ ባለችው ቶኪዮ የገባው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነበር። የሯጮቹ ስልትና የአየሩ ጠባይ የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በደጋ ተወልደው ያደጉ አሸናፊዎች እንኳ በረጅም ርቀት ከመቶ 6 ገደማ መዘግየታቸው ከፍታው የሚያስከፍለውን ዋጋ ያሳያል።

ይህን እኛም በራሳችን አይተነዋል። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በባሕር ዳርቻ ወደምትገኝ አንዲት የአውሮፓ ከተማ በሄድን በመጀመሪያው ወር በ12 ደቂቃ የምንሮጠው ርቀት አዲስ አበባ ከምንሮጠው በ150 ሜትር ያህል በልጦ አገኘነው። ለጥቂት ጊዜ የጎበዝን መስሎን ነበር። አገራችን ተመልሰን ስንሮጥ ግን ያ 150 ሜትር ከእኛ ጋር እንዳልመጣ ተረዳን።

በአንጻሩ የሳሳ አየር የሚያግድ ኃይሉም ያነሰ በመሆኑ ለአጭር ርቀት ሯጭና ለዘላይ ይጠቅማል። አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን የርዝመት ዝላይን ክብረ ወሰን ከ8.35 ወደ 8.90 ሜትር ያሳደገው በዚያው በሜክሲኮ ነው፤ ነፋስ ከኋላ ያገዘው ቢሆንም የአየሩ መሳሳት ድርሻ ነበረው። እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ፈተና ብንሰጥና ውጤቱን ከባሕር ወለል ሠንጠረዥ ጋር ብናስተያይ፣ ልጁ በረጅሙ ሩጫ ከሚገባው በታች፣ በአጭሩ ደግሞ ከሚገባው ትንሽ በላይ ሆኖ ይታያል።

አሁን 30 ሜትሩን እናስላ። ለማለፊያ የተቆረጠው ርቀት 2,300 ሜትር ቢሆን 30 ሜትር ከመቶ 1.3 ነው። ከፍታው ብቻውን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚሆን ልዩነት ያመጣል። ሜዳው 400 ሜትር ነው ተብሎ በእርምጃ የተለካ እንደሆነ የዙሪያው ስህተት ከመቶ 2 እና 3 ሊደርስ ይችላል። ሳያሟሙቁ መነሣት በ12 ደቂቃ ሩጫ ላይ ያለው ተጽዕኖ በአጭር ሩጫ ላይ ካለው ያነሰ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሯጩን አድክሞ ፍጥነቱን ያዛባበታል። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ከመለኪያው ስህተት ያነሰን ልዩነት ይዞ ድምዳሜ የሰጠ ተማሪ ውጤቱ ይሰረዝበታል። የጓደኛችን ልብና ሳንባ ጠንካራ ነበሩ ብለን መመስከር አንችልም፤ ያ ልኬት ግን ደካማ ናቸው ለማለት የሚያበቃ አልነበረም።

በእጃችን ባለ መሣሪያ በትክክል መለካት

ይህን ስንል መለካት ይቅር ማለታችን አይደለም። በጥቂት ጥንቃቄ ማንኛውም ትምህርት ቤት የሚታመን ልኬት ሊያካሂድ ይችላል።

የልብ ምት፦ ሩጫ እንዳበቃ ሁለት ጣትን ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ወይም በአንገት ጎን ላይ አድርጎ ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተለመደ ነው። አንድ ምት ብንስት በደቂቃ 4 ምት እንስታለን። ለምን ሙሉ ደቂቃ አንቆጥርም ቢባል፣ በዚያ ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት እየቀነሰ ስለሚሄድ ልንለካው የፈለግነው ነገር ራሱ ያመልጠናል። ሩጫው እንዳበቃና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሁለት ጊዜ ብንቆጥር በመካከሉ ያለው ቅናሽ ጠቃሚ መረጃ ይሰጠናል፤ ልምምድ እየጨመረ ሲሄድ የአንድ ሰው የልብ ምት ቶሎ መውረድ ይጀምራል።

ጊዜ፦ የሩጫ ሰዓት የሌለው ትምህርት ቤት ድንጋይ በክር አስሮ ፔንዱለም መሥራት ይችላል። ከማሰሪያው እስከ ድንጋዩ መካከል 1 ሜትር ከሆነና በትንሹ ብቻ ከተወዛወዘ፣ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን ለመሄድ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስህተቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። በእጅ ሰዓት የሚለካ የ100 ሜትር ሩጫ ደግሞ ሰዓት ያዡ ድምፅ ሰምቶ እስኪጫን ድረስ በሚያልፈው ቅጽበት ምክንያት አጥሮ ይመዘገባል። በአትሌቲክስ የእጅ ሰዓት ውጤት ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሴኮንድ የሚጨመርበት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በ0.1 ሴኮንድ ልዩነት ሁለት ተማሪዎችን በእጅ ሰዓት ማበላለጥ አይቻልም።

ዝላይ፦ ጣትን ጠመኔ ቀብቶ በግድግዳ አጠገብ ቆሞ እጅን መዘርጋትና ምልክት ማድረግ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ዘልሎ ሁለተኛ ምልክት ማድረግ ነው። በመካከሉ ያለው ርቀት በሜትሮ ይለካል። 40 ሳንቲሜትር የዘለለ ተማሪ ከመሬት የተነሣበት ፍጥነት በሴኮንድ 2.8 ሜትር መሆኑን የ11ኛ ክፍል ተማሪ በራሱ ሊያሰላው ይችላል።

በሁሉም ፈተናዎች ላይ የሚሠሩ ደንቦች አሉ። ሁሉም ተማሪ እኩል ጊዜ ያሟሙቅ። ፈተናው ሲደገም በተመሳሳይ ሰዓትና ሜዳ ይሁን። ሜዳው በሜትሮ ይለካ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ። ከሁሉም በላይ ተማሪው የሚወዳደረው በመስከረም ከነበረው ከራሱ ውጤት ጋር ይሁን። ሰኔ ላይ 2,100 ሜትር የሮጠች ልጅ መስከረም ላይ 1,800 ብቻ ሮጣ ከነበረ፣ ከፍታውም ሜዳውም ያው ስለሆኑ ስህተቶቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው እውነተኛው እድገት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እናክል። ከእኩዮቹ እጅግ ፈጥኖ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ተማሪ ዝቅተኛ ማርክ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። በአገራችን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው ሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳ ሲሆን፣ በሩጫ ሜዳ ላይ የመጀመሪያ ምልክቱን ሊያሳይ ይችላል።

ለሳይንስ ክበባት የቀረበ ሙከራ

በመጨረሻም የሳይንስ ክበብ አባላት በሁለት ጠዋት ሊሠሩት የሚችሉት ሙከራ እንጠቁማለን። ሃያ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ክፈሉ። በመጀመሪያው ቀን አንደኛው ቡድን 12 ደቂቃ አሟሙቆ፣ ሁለተኛው ቡድን ቁጭ ብሎ ቆይቶ ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ በግድግዳው አጠገብ ይዝለሉ። በሁለተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አሟሙቆ የዘለለውን አማካይ ሳያሟሙቅ ከዘለለው ቀንሱ። ሃያው ልዩነቶች ምን ይመስላሉ? የአንድ ተማሪ ሦስት ዝላዮች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በስንት ሳንቲሜትር ነው? ማሟሟቅ ያመጣው ጭማሪ ከዚህ መዋዠቅ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ ትምህርት ቤት በዚያ የኅዳር ጠዋት ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ቢጠየቅ ኖሮ መምህራችን «ደካማ» የሚለውን ቃል ከመጻፋቸው በፊት ያን ልጅ በሳምንቱ አሟሙቀው አንድ ጊዜ ደግመው ያስሮጡት ነበር ብለን እናምናለን። ቢዘገይ የሚፈጀው 12 ደቂቃ ነው። መምህራን ለመሆን የምትዘጋጁ ተማሪዎች ሰዓትና የስም ዝርዝር ይዛችሁ ከሜዳ ዳር የምትቆሙበት ቀን ሩቅ አይደለምና፣ ያን 12 ደቂቃ እንዳትሰስቱት አደራ እንላለን።